ጠርሙስ አጣቢው ልጅና የማይዝገው ቢላ
የሃሪ ብሬርሊ አጭር የሕይወት ታሪክ

 

በዚህ እትም ሕይወቱን የምናነሳው ሰው ሃሪ ብሬርሊ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ ከሞተ ከ75 ዓመት በላይ ሆኖታል። በሀገሩ ስሙ የታወቀ ነው፤ በተወለደበት ከተማ መሃል ፎቅ በሚያህል ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕሉ ተስሏል። እኛ ዘንድ ግን ስሙ ብዙም አይነሳም። የሚገርመው ነገር ሥራውን በየቀኑ በእጃችን እንይዘዋለን። ጠዋት መጥበኽ ገብተን መሳቢያውን ስንስብ የሚያብለጨልጨው ቢላ የሱ ልፋት ነው። ማንኪያውና ድስቱ፣ የእቃ ማጠቢያው ገንዳ ሳይቀር ከሱ ሥራ ጋር ዝምድና አላቸው። በአማርኛ አይዝጌ ብረት፣ በተለምዶ ስቴንለስ የምንለውን ብረት ለቢላ ያዋለው እሱ ነው።

ታሪኩን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሃሪ ሥራ የጀመረው ገና በልጅነቱ እቃ በማጠብ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ቢላዎቹ አልቆርጥ ብለው ሰው ስቆበታል። ታዲያ ለምን አልቆረጡም? በኋላስ እንዴት ቆረጡ? ይህን ስናውቅ አንዱ ቢላ በቅዱነሱን እንደ ክር ሲከትፍ ሌላው ለምን እየጨፈለቀ እንደሚያስቸግረን እናውቃለን። እጃችንንም እናድናለን።

የጭስ ከተማ ልጅ

ሃሪ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1871 ሼፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሼፊልድ የቢላ ከተማ ናት። በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ቢላ፣ መቀስ፣ ምላጭና መጋዝ ስትሠራ ኖራለች። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ትልልቅ የመሳያ ድንጋዮችን ያዞሩላት ነበር። በሃሪ ልጅነት ጊዜ ደግሞ ከተማዋ በፋብሪካ ጭስ ጠቁራ ነበር።

ቤተሰቡ ደሃ ነው። ከዘጠኝ ልጆች እሱ ስምንተኛው ነው። ጠባብ ቤት፣ ብዙ አፍ፣ ትንሽ ደመወዝ፤ ይሄን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አባቱ ቶማስ ፈርዝና ልጆቹ በሚባል ፋብሪካ ብረት አቅላጭ ነበር። ያን ጊዜ ጥሩ ብረት የሚቀልጠው በሸክላ ድስት ነው። አቅላጩ እንደ ፀሐይ የነጣውን ድስት ከምድጃው ጉድጓድ በረጅም ጉጠት ጎትቶ ያወጣል። እግሩ እንዳይቃጠል በውሃ የራሰ ጆንያ ይጠቀልልበታል። የሸክላ ድስቱ ጭቃ የሚቦካው ደግሞ በባዶ እግር እየተረገጠ ነው። ሀገራችን ለቤት ምርጊት ጭቃ ስትረግጡ ያደጋችሁ እህቶች፣ ፈረንጅም ይረግጥ ነበር ማለት ነው!

ሃሪ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርቱን ትቶ አባቱ ወደሚሠራበት ፋብሪካ ገባ። መጀመሪያ ተላላኪና ዕቃ አቀባይ ነበር። ለከባዱ ሥራ ዕድሜው ስላልደረሰ ብዙም ሳይቆይ ወደ ፋብሪካው ላቦራቶሪ አዛወሩት። እዚያ የተሰጠው ሥራ ጠርሙስ ማጠብ ነው። ኬሚስቶቹ ብረት በአሲድ እያሟሙ ውስጡ ምን እንዳለ ይመረምራሉ፤ ሲጨርሱ የቆሸሸውን ብርጭቆ ሁሉ ሃሪ ያጥባል። ብርጭቆው በደንብ ካልጠራ የሚቀጥለው ምርመራ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራው ትንሽ ቢመስልም የሁሉም ሥራ መሠረት ነበር። በኋላ በእርጅናው ሕይወቱን ሲጽፍ ይሄን የማጠብ ጊዜ አላፈረበትም፤ ትምህርት ቤቴ ነበር ብሎ ነው የቆጠረው።

አንድ ደግ አለቃ

ሃሪ ዕድል ቀናው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጄምስ ቴይለር የሚባል ሰው ነበር። ቴይለር ራሱ ከደሃ ቤት የወጣ ነው። ጠርሙስ አጣቢውን ልጅ እንደ ዕቃ አላየውም። ሂሳብ አስተማረው፣ ማታ ትምህርት ቤት እንዲገባ ገፋፋው፣ ገንዘብ እንዲቆጥብም መከረው። ልጁም ቀን እያጠበ፣ ማታ እየተማረ፣ እያየ፣ እየጠየቀ አደገ። ቀስ በቀስ ከገንዳው ወደ ሚዛኑ ተጠጋ፤ ከዚያም ራሱ መርማሪ ሆነ። በ1895 አገባ፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለደ። በ1902 ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ስለ ብረት ምርመራ መጽሐፍ አሳተመ። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሃሪ ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረም። የድሮ አቅላጮች መሣሪያ ሳይኖራቸው የእሳቱን ቀለም አይተው ሙቀቱን ያውቃሉ። የብረት ዘንግ ሰብረው ስብራቱን በማየት ብቻ ውስጡ ምን ያህል ካርቦን እንዳለ ይናገራሉ። ሃሪ ይህን የእጅና የዓይን ዕውቀት እስከ ዕድሜው መጨረሻ ያከብር ነበር። ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ የተማረ ሰው የሠራተኛውን ዕውቀት ሲንቅ ይናደዳል።

እኛም ሀገር ይሄ ንቀት ነበር፣ ዛሬም ያልለቀቀበት ቦታ አለ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላውን የሚሠራልን ሰው ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባለ ተሰድቧል። አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ለዚህ ነው።

ብረት እንዴት ቢላ ይሆናል?

የሃሪን ግኝት ለመረዳት ስለ ብረት ትንሽ ማወቅ አለብን። አይዟችሁ፣ ከባድ አይደለም።

ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው፤ ቢላ ብታደርጉት ይጣመማል። ጥቂት ካርቦን ሲገባበት ይጠነክራል፤ ካርቦን ማለት ከሰል ውስጥ ያለው ነገር ነው። ይሄ ካርቦን ያለው ብረት ነው አማርኛችን አረብ ብረት፣ ፈረንጁ ስቲል የሚለው። ካርቦኑ ትንሽ ነው፤ ጥሩ ቢላ ከመቶ ግማሽ እጅ እስከ አንድ እጅ ቢኖረው ይበቃዋል። ግን ካርቦን ብቻውን አያጠነክርም። ብረቱ ፍም እስኪመስል ግሎ በድንገት ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር ነው እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው። እንደዚያ ከተተወ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና ለስለስ ባለ ሙቀት ይሞቅና ትንሽ እልከኝነቱ ይወጣለታል። የቢላ ጥራት ግማሹ ያለው እዚህ እሳት ላይ ነው። አንድ ዓይነት ብረት በአንዱ ባለሙያ እጅ ምላጭ ይሆናል፣ በሌላው እጅ ቆርቆሮ።

የሀገራችን ቀጥቃጭ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ በወናፍ አግሎ፣ ቀጥቅጦ ቢላ ሲሠራ ይሄንኑ ነው የሚያደርገው። ባሌስትራ ጥሩ ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ ስለቱ ያስደንቃል። ችግሩ ዝገት ነው። ሎሚ ወይም ሽንኩርት ቆርጠን ሳናጥበው ካደረ ጠቁሮ እናገኘዋለን።

የእንግሊዞችም ቢላ እስከ ሃሪ ዘመን ድረስ እንዲሁ ነበር። ሀብታም ቤት ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ቢላዎቹን በደቀቀ የጡብ ዱቄት ወይም በሻካራ ዱቄት እየፈተገ የሚያጸዳ የቤት ሠራተኛ ነበረ። ቆዳ የተለበጠ ሳንቃ ላይ ይፈትጋል፤ በኋላም በእጅ የሚዞር ማሽን መጣለት። በየቀኑ! ዝገት ከታየ ተጠያቂው ያው ሠራተኛው ነው። ይሄ ነገር የምታውቁት አይመስላችሁም?

ስደት ወደ ሪጋ

ሃሪም ተሰዷል። በ1904 ፈርዝ ኩባንያ ሪጋ በሚባል ከተማ ወደገዛው ፋብሪካ ላከው። ሪጋ ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሥ ሥር ነበረች። ቋንቋው ሌላ፣ ብርዱ ሌላ። በ1905 ደግሞ አብዮት ተነሳ፤ አድማና ተኩስ ነበር። ሃሪ ኬሚስት ሆኖ ሄዶ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እስከ መሆን ደረሰ። ብረት የማጠንከርን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርተው ከማያውቁ የሀገሬው ሰዎች ጋር ሠራ። በ1907 ወደ ሼፊልድ ተመለሰ። ሁለቱ ትልልቅ ፋብሪካዎች፣ ፈርዝና ጆን ብራውን፣ በጋራ ላቋቋሙት የምርምር ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነ። ጠርሙስ አጣቢው ልጅ!

ለጠመንጃ የታሰበው ለቢላ ሆነ

በ1912 አንድ የጠመንጃ ጉዳይ መጣለት። የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ በተኩሱ ሙቀትና በጋዙ እየተበላ እየሰፋ ያስቸግር ነበር። ሃሪ ሙቀት የሚችል ብረት ፍለጋ ክሮሚየም የሚባል ማዕድን እያበዛና እያሳነሰ መሞከር ጀመረ። ኦገስት 13 ቀን 1913 የቀለጠው ብረት ከመቶ 12.8 ክሮሚየምና 0.24 ካርቦን ነበረው።

ብረት ሲመረመር ተወልውሎ በአሲድ ይነካል፤ አሲዱ ሲበላው ውስጡ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይሄኛው ብረት ግን አልበላ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ምርመራው አልተሳካም ብሎ ይጥለው ነበር። ሃሪ ግን ልጅነቱን ሁሉ አሲድና ብርጭቆ ሲያጥብ የኖረ ነው፤ ነገሩ ገባው። ኮምጣጤ ሞከረ፣ የሎሚ ጭማቂ ሞከረ፤ ብረቱ ምንም አልሆነም። ወዲያው ሐሳቡ ከጠመንጃው ወደ ገበታው ሄደ፤ የቢላ ከተማ ልጅ አይደል? አንዳንዶች ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሳይዝግ የቀረ ብረት አይቶ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን አፈ ታሪክ ነው።

ለምንድን ነው የማይዝገው? ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በብረቱ ላይ በዓይን የማይታይ በጣም ስስ ሽፋን ይሠራል። ቢጫርም አየር እስካገኘ ድረስ ሽፋኑ ራሱን መልሶ ያድናል። ለዚህ ግን ክሮሚየሙ ከመቶ ከ10 እጅ በላይ መሆን አለበት።

እውነቱን ለመናገር በማይዝግ ብረት ላይ የሠራ እሱ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ክሩፕ በሚባለው ፋብሪካ ማውረርና ሽትራውስ በ1912 ክሮሚየምና ኒኬል ያለበት ብረት ላይ ደርሰው ነበር፤ በአሜሪካም ኤልውድ ሄይንስ የሚባል ሰው በዚሁ መንገድ ነበር። የሃሪ ድርሻ ብረቱን ከቢላ ጋር ማገናኘቱ ነው።

የማይቆርጥ ቢላ!

ሃሪ በደስታ ለአለቆቹ ነገራቸው፤ ፈርዝ ግን ብዙም ግድ አልሰጠውም። ብረቱን ለሁለት ቢላ ሠሪዎች ላከ። የመጣው መልስ አሳዛኝ ነበር። ብረቱ ለመቀጥቀጥ ያስቸግራል፣ ለመሞረድም ያስቸግራል፣ ቢላ ሆኖም ስለት አይዝም አሉት። የማይቆርጥ ቢላ የፈጠረ ሰው ተብሎ ተቀለደበት። ዝም ብላችሁ አስቡት፤ በቢላ ከተማ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ታዲያ ቢላ ሠሪዎቹ ውሸታሞች ነበሩ? አይደሉም። የያዙት ቢላ እውነትም አይቆርጥም። ግን ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም። እነሱ የለመዱት የካርቦን ብረት 800 ዲግሪ ገደማ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። ክሮሚየም የበዛበት ብረት ግን እስከ 1000 ዲግሪ ገደማ ካልጋለ አይጠነክርም። በድሮው እሳት ስለሠሩት ለስላሳ ሆኖ ቀረ። ለስላሳ ብረት ደግሞ ምንም ያህል ቢሳል ስለቱ ይተኛል።

በ1914 ሃሪ ኧርነስት ስቱዋርት የሚባል ሰው አገኘ። ስቱዋርት ሞዝሊ በሚባል የቢላ ፋብሪካ ኃላፊ ነበር። መጀመሪያ የማይዝግ ብረት መኖሩን አላመነም። ትንሽ ብረት ወስዶ የቺዝ ቢላ ሠራና ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፈው፤ እድፍ አልያዘም። ግን ብረቱ የፋብሪካውን መሣሪያዎች እያደነዘ አስቸገረው። ሞከረ፣ ተበላሸ፣ እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ ሃሪን ጠርቶት አብረው እሳቱን አስተካከሉ፤ የሚቆርጥም የማይዝግም ቢላ ወጣ። ሃሪ ብረቱን የማይዝግ ብሎ ነበር የጠራው፤ ስቱዋርት ግን እድፍ የማይነካው የሚለውን ስም፣ ስቴንለስን አወጣለት። ዓለም የስቱዋርትን ስም ያዘ። አማርኛችን ግን አይዝጌ ሲል ሳያውቀው የሃሪን ስም ይዞ ቀርቷል።

እህቶቼ፣ እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ይሄን ነው፦ ብረቱ ብቻውን ቢላ አይደለም። ኬሚስቱ ብረቱን አወቀ፣ ባለ እጁ እሳቱንና ቅርጹን አወቀ። አንዱ ያለ አንዱ አይሆንም ነበር።

የማን ነው?

ቢላው መሸጥ ሲጀምር ጭቅጭቅ መጣ። ሃሪ በውሉ መሠረት ከግኝቱ ድርሻ አለኝ ብሎ ያምን ነበር። ፋብሪካው ደግሞ በእኛ ደመወዝ የተሠራ የእኛ ነው አለ። በጽሑፍም ስሙ በደንብ አልተነሳለትም። ፋብሪካው በጊዜው በእንግሊዝ ፓተንት አላወጣም ነበር። ሃሪ ተናዶ ሥራውን ለቀቀ፤ በ1915 ብራውን ቤይሊ ወደሚባል ሌላ የሼፊልድ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ገባ። ጆን ማዶክስ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ሰው ረድተውት በ1916 በስሙ የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። ያኔ ፈርዝም መስማማት ግድ ሆነበት፤ በ1917 የሁለቱንም ስም የያዘ የጋራ ማኅበር ተቋቋመ። ሃሪ የታገለው ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ይሄን እኔ ሠራሁት ለማለት ነው። ሠርተሽ ስምሽ ሳይነሳ ሲቀር ምን እንደሚሰማ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ አይከብድም።

ያ ጊዜ አንደኛው የዓለም ጦርነት ነበርና ብረቱ ለአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች ተፈለገ። ከጦርነቱ በኋላ ግን በየቤቱ ገባ። በ1920 የእንግሊዝ የብረት ባለሙያዎች ማኅበር የቤሴመር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1924 ደግሞ ላቦራቶሪውን ከሱ በኋላ የያዘው ሃትፊልድ 18 ክሮሚየምና 8 ኒኬል ያለበትን ብረት አወጣ። ያ ሁሉ የቢላ ፈታጊ ሠራተኛም ከዱቄቱና ከሳንቃው ቀስ በቀስ ተገላገለ።

ለእኛ ኩሽና ምን ይጠቅመናል?

ማዳም ቤት ያለው ድስት ሥር ወይም ማንኪያ ጀርባ ላይ 18/10 የሚል አይታችሁ ታውቃላችሁ? 18 ክሮሚየም፣ 10 ኒኬል ማለት ነው። ይሄኛው በጣም አይዝግም፤ ግን በእሳት ስለማይጠነክር ለቢላ ስለት አይሆንም። ቢላ የሚሠራው ከሃሪ ዓይነት ብረት ነው፤ ክሮሚየሙ 13 ወይም 15 ገደማ ሆኖ በቂ ካርቦን ያለው። ለዚህ ነው ቢላው ከማንኪያው ይልቅ ቶሎ ነጠብጣብ የሚያወጣው። አይዝጌ ቢባልም ይዝጋል!

ዋናዎቹ ጠላቶቹ ክሎሮክስና ጨው ናቸው፤ ያንን ስስ ሽፋን ይበሳሉ። ቢላ ክሎሮክስ ውስጥ አትዘፍዝፉ። ጨው ወይም ሎሚ ነክቶት አይደር። የእቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም ጨዋማው እንፋሎት ይጎዳዋል፣ ከሌላ ዕቃ ጋርም እየተጋጨ ስለቱ ይሰበራል። በእጅ ታጥቦ ወዲያው በጨርቅ ይድረቅ። እጀታው እንደ ወፍ ተቀርጾ ከደቡብ ሊባኖስ ከጀዚን የሚመጣው የእንግዳ ቢላም እንዲሁ፤ እጀታው ከአጥንትና ከቀንድ ሲሠራ የኖረ ስለሆነ የፈላ ውሃ ይሰነጥቀዋል። እንዲህ እንዲህ ያለውን ካወቅን ዝገቱን ማን አመጣው ሲባል መልስ ይኖረናል።

ስለ ቅርጽም እንይ። ቢላ የሚቆርጠው እንደ ሽብልቅ ገብቶ ነው። ከስለቱ በላይ ያለው ወፍራም ከሆነ ስለቱ ቢሳልም ካሮቱን ይፈልጠዋል እንጂ አይቆርጠውም። ስስ ቢላ ለአትክልት፣ ወፍራምና ከባድ ለአጥንት ነው። በስሱ ቢላ አጥንት ብትመቱ ስለቱ ይሸረፋል። ሆዱ ጎበጥ ያለ ረጅም ቢላ ለታቡሌ በቅዱነስ ይመቻል፤ ጫፉ ሳይነሳ እየተወዛወዘ ይከትፋል። ጥርስ ያለው ለዳቦ ነው።

ስለታም ቢላ በቅዱነሱን ይቆርጠዋል፤ የደነዘ ቢላ ይጨፈልቀዋል፣ ውሃው ወጥቶ ይጠቁራል። ሽንኩርትም ሲጨፈለቅ የሚያስለቅሰው ነገር በብዛት ይወጣል። ከሁሉ በላይ የደነዘ ቢላ ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይል ስንጨምር ይንሸራተትና ጣታችን ላይ ያርፋል። ቢላ ሲስል ያስፈራል እንላለን እንጂ የበለጠ የሚያስፈራው የደነዘው ነው።

አሁን ወደ መሳሉ። ቢላው የራሳችሁ ካልሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድንጋይ ከሌለ የወፍራም ሸክላ ስኒ ቂጥ ይበቃል፤ ከሥሩ ያለው ያልተለበጠ ሻካራ ቀለበት ከብረቱ ይጠነክራል። ስኒውን ገልብጣችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ፣ እንዳይንሸራተት። ማዕዘኑ ለአንድ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ያለ መሣሪያ እንዴት ይለካል? የወረቀት ጥግ 90 ዲግሪ ነው፤ አንዴ ሲታጠፍ 45፣ እንደገና ሲታጠፍ 22 ተኩል ይሆናል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ማዕዘኑን ሳትቀይሩ፣ ሳትጫኑ፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ ጎትቱ። በአንዱ ጎን ደጋግማችሁ ስትስሉ በሌላው ጎን ቀጭን የብረት ጥርስ ይወጣል፤ ያ ስለቱ ጋ መድረሳችሁን ይነግራል። ከዚያ በሌላው ጎን ያንኑ ያህል፣ በመጨረሻም ተራ በተራ በቀስታ። ሲያልቅ አጥባችሁ በወረቀት ወይም በቲማቲም ልጣጭ ሞክሩት፤ በጣት አይሞከርም። ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ስኒ ላይ አይሳልም።

ከቢላዎቹ ጋር የሚመጣው የብረት ዘንግ ደግሞ ብዙ አይስልም፤ የተኛውን ስለት ቀና ያደርጋል። በእብነ በረድ ወይም በመስታወት ላይ አትክተፉ፤ በአንድ ቀን ያደነዝዙታል። እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሻላል።

የሃሪ መጨረሻ

ሃሪ በእርጅናው ከጭሱ ከተማ ርቆ ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ኖረ። በ1941 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በዚያው ዓመት ፍሬሽጌት የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ እንደሱ ከታች የተነሱ ሰዎች ዕድል እንዲያገኙ ብሎ። በ1948 በ77 ዓመቱ አረፈ።

የቢላ ባለሙያዎች ዛሬም የካርቦን ብረት ስለቱ ይበልጣል፣ አይዝጌው ይመቻል እያሉ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም የየራሱ ቦታ አለው። ሃሪም ብረቱ ሁሉን ይችላል አላለም። ብረቱን እወቁት፣ በልኩ ያዙት ነው የሥራው ሁሉ ትርጉም። ያንን ያስተማረው ደግሞ ዲግሪ አይደለም፤ እያጠበ ዓይኑን አለመጨፈኑ ነው።

እህቶች፣ ቢላችሁ ስል፣ እጃችሁ ደኅና ይሁን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ያሰማን!